በሐጂ ግቢ ያለቀው ጊጋ

ማክሰኞ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ ጎንደር ካለው የሬዲዮ ጣቢያችን ስቱዲዮ አንድ ዘገባ አነበብኩ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነበር። በውስጡ አንድ ዐረፍተ ነገር ስህተት ነበር። በዚያ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ትርንጎ የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ በአምስተኛው ቀን የተከራየችውን ክፍል ለቃ ከከተማው ወጣች።

እኔ ጡረታ የወጣሁት ከዚያ አራት ወር በኋላ ነው። በሽኝቱ ዕለት ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየተነሡ ስለ ጠንቃቃነቴ ተናገሩ። አመሰገንኳቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ሙያ በወጉ ለመጻፍ ስቀመጥ ግን በመጀመሪያ የመጣልኝ የዚያ ማክሰኞ ዘገባ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደባርቅ ነው። ያኔ ዜና የምናስተላልፈው በስልክ ነበር፤ እኔ ከወዲያ ማዶ ቃል በቃል አነብባለሁ፣ ጎንደር ያለው ሰው ይጽፋል። የሚጽፈው ሰው ጋሽ አስረስ ነበር፤ አርታኢያችን። ፊቱን ሳላየው አንድ ዓመት ሙሉ አለቃዬ ሆነ። በዚያ ዓመት ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ባለ አንድ ቀበሌ በረዶ የገብስ ማሳ መታ። አርባ አባወራ ተጎድቷል ብዬ አነበብኩለት።

«ቆጠርክ?» አለኝ።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ነው የነገረኝ።»

«ሊቀመንበሩስ ቆጠረ?»

«አልጠየቅሁትም።»

«እንግዲያ አውቶቡስ አለ፤ ሂድ።»

ሄድኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከአርባዎቹ አሥራ አንዱ ማሳቸው አልተነካም። ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሦስት ሴቶች ደግሞ ገብሳቸው አፈር ለብሶ ሳለ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው አልነበረም። ከሦስቱ አንዷ ደብተሬን አይታ፣ «አያ፣ እኔን ማን ብለህ ነው የምትጽፈኝ?» አለችኝ። ስሟን ነገረችኝ፤ ጻፍኩ። ሠላሳ ሁለት ብዬ ደወልኩ። ጋሽ አስረስ «ሸጋ» አለና ስልኩን ዘጋው። በዚያ ዓመት ከአፉ የሰማሁት ምስጋና ያ ብቻ ነው።

በኋላ ኮላ ድባ ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ጎንደር ስዛወር ከእሱ ትይዩ ጠረጴዛ ደረሰኝ፤ ልማዶቹንም ያየሁት ያኔ ነው። አዲስ ደብተር ሲከፍት በእያንዳንዱ የግራ ገጽ አናት ላይ «አየሁ»፣ በቀኙ ላይ «ሰማሁ» ብሎ አስቀድሞ ይጽፍ ነበር። ዘገባ ቦታ ሄዶ የነገሩትን ሁሉ በቀኝ ገጽ ያሰፍራል። ግራው ገጽ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቆያል። በቀኝ ያለ ነገር ወደ ግራ የሚሻገረው ሄዶ በዓይኑ ሲያየው ብቻ ነው። ያልተሻገረው አየር ላይ ሲወጣ ከተናጋሪው ስም ጋር ይወጣል፤ ተናጋሪው ስሜ አይጠራ ካለ ጭራሽ አይወጣም።

የጣቢያውን ማኪና ደግሞ ሁልጊዜ ከምንሄድበት ቦታ ራቅ አድርጎ ያስቆም ነበር። የቀረውን በእግሩ ነው። ሾፌራችን ይቀልድበታል፤ «ጋሽ አስረስ፣ ጎማው እንዳያልቅ ነው እንዴ?» ይለዋል። ማኪና ሲታይ ሰው ወሬውን አሰማምሮ እንደሚጠብቅ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እርማት ላይ የነበረውን ጥብቅነት ግን ለብቻው መጻፍ አለብኝ። በእሱ ደንብ እርማት የሚነበበው ስህተቱ በተነገረበት ቀንና ሰዓት፣ ስህተቱን ባነበበው ሰው ድምፅ፣ ስህተቱ በወሰደው ርዝመት ነው። አንድ ጊዜ ራሱ የእንፍራንዝ የገበያ ቀን ተቀየረ ብሎ ተሳሳተ። ዘገባው ሁለት ደቂቃ ነበር፤ በሳምንቱ እርማቱን ሊያነብብ ሁለት ደቂቃ ይዞ ገባ። ቀኑ አልተቀየረም ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃልና በቀረው ምን ሊል ነው ብለን በስቱዲዮው መስታወት ውስጥ አየነው። እሱን አምነው በማይሆን ቀን እንፍራንዝ የሄዱ ሰዎችን ፈልጎ አግኝቶ ኖሯል። ማን ሽንኩርት ይዞ እንደሄደ፣ ማን ሁለት ፍየል እየነዳ እንደተመለሰ፣ ስንት ሰዓት በእግር እንደተጓዙ አንድ በአንድ ተናገረ። ሁለት ደቂቃው ሞላ። ወጥቶ ሻይ ጠጣ።

ጋሽ አስረስ ጡረታ ሲወጣ የነዋሪዎችን ቅሬታ የሚከታተለው ክፍል ለእኔ ተሰጠ። በዚያ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ተቀመጥኩ። ደመወዙ የተሻለ አልነበረም፤ የሚሞላው ቅጽ ግን ይበዛ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚደውለው ሁሉ ስለ ውሃ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ መብራት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቅሬታው ወደ ቤት ኢንተርኔት ዞረ። ብዙ ሰው ያስገባው ገደብ ያለው ጥቅል ነው፤ ለወሩ የተሰጠው ጊጋ ካለቀ መስመሩ በተጠቀሙት ልክ ያስከፍላል ወይም ይቆማል። የውሃና የመብራት ቆጣሪ ግድግዳ ላይ ነው፤ የተጠራጠረ ሰው ወጥቶ ሲዞር ያየዋል። ጊጋ ሲያልቅ የሚያይ የለም። ስለዚህ ሰው ሌባ ይፈልጋል።

ሐጂ ሙሐመድኑር የደወሉልኝ ከገና በኋላ ነው። አዲስ ዓለም የሚኖሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ተዋውቀናል፤ የገበያ ዜና ስንሠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሳቸውን ነበር።

«አንተ ይርጋ፣» አሉኝ፣ «ቤቴ ሌባ ገብቷል።»

«ምን ወሰደ፣ ሐጂ?»

«ጊጋ! በአሥራ አንደኛው ቀን ጨረሰው። ድሮ ወር ሞልቶ ይተርፈኝ ነበር።»

«ምነው ሐጂ፣ ቪዲዮ አብዝተው ይሆናላ።»

«የምን ቪዲዮ? እኔ ዜና ነው የማየው። እሱንም የአንተን አይደለም፤ የተሻለውን።»

ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። በግቢው ውስጥ ሐጂ፣ በዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ምራታቸው ሰኣዳ፣ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ደግሞ ትርንጎ ይኖራሉ። ትርንጎ የኮላ ድባ ልጅ ናት፤ በከተማው ካሉት የጤና ተቋማት በአንዱ ላቦራቶሪ ትሠራለች። በኢንተርኔት የሚሰጥ ከፍተኛ የሙያ ሥልጠና እየተከታተለች ነበር፤ የማጠቃለያ ፈተናውም እዚያው ክፍሏ ውስጥ ሆና በመስመር የምትወስደው ነው፤ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐጂ ዋይፋዩን በኪራዩ ውስጥ ጨምረው ነበር የሰጧት። ወደ ግቢው የገባችው ጊጋው ቶሎ ማለቅ በጀመረበት ወር ነው።

የኢንተርኔት ድርጅቱ ሞላ የተባለ ቴክኒሺያን ልኮ ነበር። ሞላ በየቀኑና በየሰዓቱ ስንት እንደተወሰደ የሚያሳይ ወረቀት አትሞ አመጣ። መስመሩ አልተሳሳተም፤ ጊጋው በእርግጥ ከዚህ ቤት ነው የተወሰደው አለ። በወረቀቱ ላይ ዓርብ ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል፣ ከሌላው ቀን ሁሉ ከፍ ብሎ የቆመ መስመር ነበር። ይህን በዓይኔ አይቼ በግራ ገጽ ጻፍኩት።

ትርንጎን በክፍሏ በር ላይ አነጋገርኳት።

«ስንት ሰዓት ታጠኛለሽ?»

«ከሥራ ስመለስ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት።»

«በቪዲዮ ነው?»

«ትምህርቱ ቪዲዮ ነው። ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ነው የማየው ግን፣ ብዙ እንዳይበላ። ሐጂን ማስቸገር አልፈልግም።»

በቀኝ ገጽ ጻፍኩ።

ሞላ መቅረጫዬን መዝጋቴን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ተከራይ ነው። ስንት ግቢ አይቻለሁ መሰለዎት።» ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «ሐጂ፣ ፓስወርዱን ይቀይሩት። ለሚታመን ሰው ብቻ ይስጡ። ያኔ ነገሩ ይለያል» አላቸው።

«አልቀይርም» አሉ ሐጂ።

«ለምን?»

«የእናቴ ስም ነው። ሰኣዳ ናት በለቅሶው ሰሞን ያስገባችው። ከቤቴ አላወጣትም።»

ይህንንም በቀኝ ገጽ ጻፍኩት። ፓስወርዱ ለምን በለቅሶ ሰሞን እንደተቀየረ ግን አልጠየቅሁም። በዚያ ለቅሶ እኔም ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አላስታወስኩትም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘገባውን ጻፍኩ። መጨረሻ አጣሁለት። ድርጅቱ አላጠፋም፤ ሐጂም አልዋሹም፤ ጊጋው ግን አልቋል። አድማጭ «እና?» ብሎ ይቀራል። ደብተሩን ገለጥኩ። ሞላ ያለኝ በቀኝ ገጽ ነበር፤ ስሙን ጠቅሼ ላቀርበው አልችልም፣ ማይክ ተዘግቶ የተናገረው ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በግቢው ጊጋው ያለጊዜው የሚያልቀው በተከራይ ክፍል ባለው ከፍተኛ አጠቃቀም መሆኑ ተረጋግጧል። ተከራይዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስትሆን ትምህርቷን በኢንተርኔት የምትከታተል ናት።»

ስሟን አልጠራሁም። ስም ስላልጠራሁ የተጠነቀቅሁ መሰለኝ።

ዘገባው በተነበበ ማግስት፣ ረቡዕ፣ ትርንጎ የጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የሥራ ካፖርቷ በክንዷ ላይ ነበር።

«ማን ነው ያረጋገጠው?» አለችኝ።

«የአጠቃቀም መዝገቡን ባለሙያው አሳይቶናል።»

«የእኔ ስም አለበት?»

«የለበትም።»

«የክፍሌ ቁጥር?»

«የለም።»

አጣራለሁ አልኳት። አላጣራሁም፤ በዚያ ሳምንት የውሃ ፈረቃ ተዛብቶ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ላቦራቶሪ ውስጥ ባልደረቦቿ «ትርንጎ፣ የሐጂን ጊጋ ጨርሰሽ ደግሞ የእኛን የምርመራ ሪኤጀንት ልትጨርሺ መጣሽ?» ይሏት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ሰፈር ውስጥ ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ነበር። ሐጂ «ውጪ» አላሏትም። እሁድ ጠዋት ቁልፉን ለሰኣዳ ሰጥታ ሄደች። አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ክፍት ቦታ ነበር፤ ዝውውር ጠይቃ አገኘች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐጂ ደወሉ። በዚህ ጊዜ አልቀለዱም።

«ይርጋ።»

«አቤት ሐጂ።»

«ልጅቱ ከሄደች ሃያ አንድ ቀን ሆናት።»

«አዎ።»

«ጊጋው ዛሬም አለቀ። በአሥራ አንደኛው ቀን።»

ስልኩን ዘግቼ የሞላን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። ከዚያ ትርንጎ ትሠራበት ወደነበረው ላቦራቶሪ ሄጄ የሥራ ፈረቃ ሰሌዳውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ኃላፊው ያለ ችግር ሰጠኝ። ትርንጎ በእነዚያ ወራት ዓርብን በሙሉ የቀን ፈረቃ ነበረች፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማየት የወሰደብኝ ጊዜ አራት ደቂቃ ነው። አራት ደቂቃዋን ዘገባውን ከማንበቤ በፊት ማግኘት እችል ነበር።

ዓርብ ዕለት ታክሲውን አደባባዩ ላይ ለቅቄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ወደ ግቢው አልገባሁም። ከሐጂ አጥር ውጭ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ የድንጋይ መደብ አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲሆን ከጁምዓ የሚመለሱ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ መጡና ተቀመጡ። ሙስሊም ያልሆኑ ጎረቤቶችም ወጥተው ተቀላቀሉ። ጨዋታው ስለ ጤፍና ስለ አንድ ሰው በቅሎ ነበር። ስልኩን አውጥቶ የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ተቀምጬ ምንም አላየሁም ብዬ ልነሣ ስል ሞላ ደረሰ፤ እኔ ነበርኩ የጠራሁት። ገብቶ ዋይፋዩን የሚያሠራጨውን ዕቃ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። በዚያች ደቂቃ የተያያዙት ስልኮች ሃያ ስድስት ነበሩ። አብዛኞቹ የባለቤታቸው ስም ተጽፎባቸዋል።

ሞላ ወደ መደቡ ወጥቶ እየጠራ ቆጠረ። «ኑሩ?»

«አቤት፣» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ስልክዎ የሐጂን ዋይፋይ እየተጠቀመ ነው።»

«እኔ ምኑንም አልነካሁ! ኪሴ ውስጥ ነው እኮ።»

«ኪስዎ ውስጥ ሆኖ ነው የሚጠቀመው።»

«ያልላኩትን ስልክ ማን ላከው?» አሉ ሌላው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ነገሩን ያወቀችው ሰኣዳ ናት። የሐጂ እናት ያረፉት ትርንጎ ወደ ግቢው በገባችበት ወር ነው፤ የሞባይል ዳታ የማይሠራባቸው ወራት ነበሩ። ሐጂ «ለቅሶ የመጣ ሰው ሩቅ ያለ ዘመዱን ማናገር አለበት» ብለው ዋይፋዩ ለሁሉ እንዲከፈት አዘዙ። ሰኣዳ የሟቿን ስም ከነአባታቸው ፓስወርድ አድርጋ፣ በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ፣ በዕድሩ ድንኳን ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው ሁሉ አየው፤ ስልኩ ውስጥ አስገባው። ድንኳኑ ሲነሣ ካርቶኑም ተነሣ። ስልኮቹ ግን አልረሱም። ባለቤቶቻቸው መደቡ ላይ ሲቀመጡ ወይም በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ራሳቸው ይያያዛሉ፤ ዋይፋይ እስኪያገኙ ያቆዩትን ፎቶና ቪዲዮ ይልካሉ፣ የሚታደሰውን ያድሳሉ። ማንም አልሰረቀም።

ከሃያ ስድስቱ ዝርዝር አሥራ ዘጠነኛው ላይ «ይርጋ ሬዲዮ» የሚል ነበር። ጣቢያው ስልኩን ሲሰጠኝ የንብረት ክፍል ሰው የጻፈበት ስም ነው። ሞላ አየኝ። ትርንጎን በር ላይ ባነጋገርኩበት ሐሙስም ከሰባ ደቂቃ በላይ ተያይዞ እንደነበር ዝርዝሩ ያሳያል።

ሐጂ የስሞቹን ዝርዝር እስከ ታች ተመለከቱት። ቀጥሎ፣ «የእናቴ ስም በእነዚህ ሰዎች ሁሉ ስልክ ውስጥ አለ ማለት ነው?» አሉ።

«አለ ሐጂ» አለቻቸው ሰኣዳ።

«እንግዲያ ከእኔ ቤት ቢወጣ ምንም አይደል። ቀይሪው። ካርቶኗን ግን ፈልጊልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅቱንስ?»

እርማቱን በዚያው ሌሊት ጻፍኩ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነበር። ስለ መደቡ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ፈረቃ ሰሌዳው፣ ስለ ራሴ ስልክ ሁሉ ነበረበት። ሰኞ ለአዲሱ አርታኢያችን ሰጠሁት። ጎበዝ ሰው ነው፤ ሥራውን ያውቃል።

«ጋሽ ይርጋ፣ ይህ እኮ እርማት አይደለም፤ ትረካ ነው» አለኝ።

«ስህተቱም ይህን ያህል ነበር።»

«ስም አልጠራንም። ማን ተጎዳ እንላለን? ደግሞ የእርስዎ የመጨረሻ ወራት ናቸው፤ በዚህ ነው እንዲያስታውሱዎት የሚፈልጉት?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ያቺን ቃል አልተናገርኩም። «እንዳልክ አድርገው» አልኩት። እርማቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከስፖርት ዜናው ቀጥሎ፣ በቅዳሜ አቅራቢዋ ድምፅ ተነበበ። አሥራ ስምንት ሰከንድ ወሰደ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ጋሽ አስረስ ነበር። እርጅናው ከቤት አያስወጣውም፤ ሬዲዮ ግን አያጠፋም።

«እርማቱን ሰማሁ» አለኝ። «የማን ድምፅ ነው?»

«የቅዳሜዋ አቅራቢ ናት ጋሼ።»

«ስህተቱስ የማን ነው?»

«የእኔ።»

የሬዲዮኑ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። «ደህና ዋል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም። እኔ እደውላለሁ፤ ስለ ጤናው ያጫውተኛል።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ከአውቶቡሱ መናኸሪያ ሳይደርስ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ትርንጎ ማይክሮስኮፕ ላይ ነበረች። አየችኝ፤ የያዘችውን ናሙና እስክትጨርስ ይቀመጡ አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። እጇን ታጥባ መጣች።

«ምነው መጡ?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ።»

«እሺ። ጠየቁ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ሰሌዳውን፣ መደቡን፣ የራሴን ስልክ። አላቋረጠችኝም። ፈተናው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁ። ያኔ የተከራየችው ቤት መስመር እንዳልነበረው፣ በስልኳ ዳታ ጀምራው በመሃል እንደተቋረጠባት፣ ሁለተኛ ዕድል እንደማይሰጥ ነገረችኝ። በሚቀጥለው ዙር ከመጀመሪያው መመዝገብ አለባት።

«እርማቱንም ሬዲዮ ላይ አንብበናል» አልኳት።

«እርስዎ?»

«አይደለሁም።»

«ስንት ሰው ሰማው?»

«አይታወቅም።»

«የመጀመሪያውንስ?»

«እሱም አይታወቅም።»

«እኔ ግን ሁለት ቦታ አውቃለሁ» አለች። «ላቦራቶሪ፣ እና ሐጂ በር ላይ። እዚያ ሄደው ያንብቡላቸው። ያጠረውን ሳይሆን መጀመሪያ የጻፉትን። ስሜንም ይጥሩ። ያኔ ስላልጠሩት ነው ሰው ሁሉ ራሱ የሞላው።»

«እጠራለሁ።»

«ከዚያ በኋላ እንዳይደውሉልኝ። ሰው ሲያውቅ እኔም አውቃለሁ።»

በር ድረስ ሸኘችኝ። ውጭ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ የሚቀጥለውን በስም ጠራች።

በላቦራቶሪው ያነበብኩት ረቡዕ፣ በሻይ ሰዓት ነው። ኃላፊው ፈቀደልኝ። ሰባት ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነሱ አራቱ ከእሷ ጋር የሠሩ ናቸው። ስጨርስ ከአራቱ አንዱ፣ «እኛ እኮ ቀልደን ነው» አለ። ሌላዋ «ቀልድ አልነበረም» አለችው። ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ በሐጂ በር ተገኘሁ። መደቡ ሞልቶ ነበር። ሐጂ ወንበር አስወጡልኝ፤ ቆሜ ማንበብ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አወጣሁ። «ትርንጎ» ብዬ ስሟን ከነአባቷ ጠራሁና ጀመርኩ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ኑሩ የሚባሉት ሽማግሌ የራሳቸው ስልክ የተጠቀሰበት ቦታ ላይ ስደርስ ኪሳቸውን ያዝ አደረጉ።

ካነበብኩ በኋላ ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ። መልሱን በእጅ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው፤ ቆጠርኩም። በደብተሬ የግራ ገጽ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

በቦታው የነበሩ ሰዎች፣ አሥራ አራት። የማክሰኞውን ዘገባ በሬዲዮ የሰሙ ወይም ከሰማ ሰው የተነገራቸው፣ አሥራ ሦስት። እርማቱን ከዛሬ በፊት የሰማ፣ የለም።